ልጅ የትምህርት ቤት አደራ ነው

ገበሬ ከብቱን ለእረኛ ሲሰጥ ቆጥሮ ይሰጣል። ማታም ቆጥሮ ይቀበላል። አንዲት ጊደር ተወግታ ብትመጣ እረኛውን "ምን ሆነች?" ብሎ ይጠይቃል። እረኛው "እኔ አልነካኋትም፣ ተዋጊው በሬ ነው የወጋት" ቢል አያመልጥም። "በሬው ሲወጋት አንተ የት ነበርክ?" ይባላል። የጥበቃ ትርጉሙ ይኸ ነው።

ልጅ ከከብት ይበልጣል። ይኸን የሚክድ ገበሬ የለም። ይሁንና ልጃችን ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስንቶቻችን ነን እንደ ጊደራችን አገላብጠን የምናየው? ልብሱ ተቀዶ፣ ፊቱ ተቧጭሮ ቢመጣ "የልጆች ነገር ነው" ብለን እናልፋለን። መምህሩም "የልጆች ነገር ነው" ይላል። ልጁ ግን ነገም ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ያንኑ ጉልበተኛ ያገኛል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አንድ በአንድ እንመልከት። ልጅ በልጅ ተጠቃ የሚባለው መቼ ነው? ተጠያቂው ማን ነው? ወላጅስ ምን ማድረግ ይችላል?

ጠብና ጥቃት አንድ አይደሉም

ልጆች ይጣላሉ። በኳስ ይጣላሉ፣ በመቀመጫ ይጣላሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይታረቃሉ። አቅማቸው እኩል የሆነ ሁለት ልጆች አንድ ቀን ቢጣሉ ይኸ ጠብ ነው። ጥቃት ግን ሌላ ነው። በሦስት ምልክቶች ይታወቃል።

አንደኛ፣ ጥቃት ሆን ተብሎ ይደረጋል። አጥቂው ሌላውን ለመጉዳት ወይም ለማዋረድ አስቦ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ ጥቃት ይደጋገማል። ዛሬ ይደረጋል፣ ነገም ይደረጋል፣ በሳምንቱም ይደረጋል።

ሦስተኛ፣ አቅማቸው እኩል አይደለም። አጥቂው በዕድሜ ወይም በጉልበት ይበልጣል። ወይም ብዙ ሆነው አንዱን ይከባሉ።

በገጠር ትምህርት ቤት ይኸ ሦስተኛው ነገር በጣም ያሳስባል። ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ጎረምሳና ትንሽ ልጅ በአንድ ክፍል ሊቀመጡ ይችላሉ። ሁለቱም "ሦስተኛ ክፍል" ይባላሉ። በጉልበት ግን አይተካከሉም።

ጥቃት በዱላ ብቻ አይደለም። በአፍም ይሆናል። ድሀውን በልብሱ፣ አካል ጉዳተኛውን በጉዳቱ፣ ሌላውን በዘሩ ወይም በአባቱ ሙያ መስደብ ጥቃት ነው። የሸክላ ሠሪ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ ስንት ክፉ ስም እንደሚወጣለት የምናውቀው ነው። ስንቅ መቀማት፣ ደብተር መቅደድ ጥቃት ነው። "ከእሱ ጋር እንዳትጫወቱ" ብሎ አንዱን ማግለልም ጥቃት ነው። ስልክ ባለበት ደግሞ ስድቡና ማስፈራሪያው በስልክ ይመጣል።

ይኸ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ብዙ አገሮች ያጠናውን አውጥቶ ነበር። በጥናቱ መሠረት ከ3 ተማሪዎች 1 ያህሉ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩዮቹ ተጠቅቷል።

ጉዳቱ እስከ ምን ይደርሳል?

አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እናስብ። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እናቱ ቆሎ ትቋጥርለታለች። ሁለት ትልልቅ ልጆች ወንዙ ዳር ቆመው ይጠብቁታል። ቆሎውን ይቀሙታል። "ብትናገር ወየውልህ" ይሉታል።

ልጁ አይናገርም። ከሳምንት በኋላ ጠዋት ጠዋት "ሆዴን አመመኝ" ማለት ይጀምራል። በሌላ ቀን ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ሳይደርስ ጫካ ውሎ ይመለሳል። ፈተና ይወድቃል። አባቱ "ይኸ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም፣ ከብት ይጠብቅ" ይላል። ልጁ ትምህርት ያቆማል። የወደቀው ግን በትምህርት አይደለም፤ የጣለው ፍርሃት ነው።

ለሴት ልጅ ሲሆን ጉዳቱ ይከፋል። በመንገድ ላይ የሚያስቸግሯት ጎረምሶች አሉ ከተባለ ወላጅ ይፈራል። "ተጠልፋ ከምታዋርደን ብንድራት ይሻላል" ይላል። ልጅቱ ያለ ዕድሜዋ ትዳራለች። ጥፋተኞቹ ሌሎች፣ ቅጣቱ የእሷ ይሆናል።

ሌላም መዘዝ አለ። ልጅ ተመታ ብሎ አባት ዱላ ይዞ ይወጣል። የአጥቂው አባትም ይወጣል። ወንድም አጎት ይጨመራል። በልጆች ነገር ሁለት ቤተሰብ ደም ሊቃባ ይችላል። ትምህርት ቤቱ በጊዜው አይቶት ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ምክር ያልቅ ነበር። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው ለዚህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አንዳንድ ትምህርት ቤት "የእኛ ሥራ ማስተማር ነው፤ የልጆችን ጠብ ወላጆች ይጨርሱት" ይላል። ይኸ ትክክል አይደለም። ሕጉም አይደግፈውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በሌላው ላይ ጉዳት ቢያደርስ አባት ኃላፊ ነው ይላል። ይኸ በአንቀጽ 2124 ላይ ነው። ተከታዩ አንቀጽ 2125 ግን አባትን የሚተኩ ሰዎችን ይዘረዝራል። ልጁ ጥፋቱን ያደረገው በትምህርት ቤት ሳለ ከሆነ፣ በአባት ፈንታ ኃላፊ የሚሆነው ትምህርት ቤቱን የሚመራው ሰው ነው። እንግዲህ የእረኛው ነገር በሕግም ተጽፏል ማለት ነው። በተረከብክበት ሰዓት የደረሰውን ጉዳት አንተ ትጠየቅበታለህ ይላል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ይናገራል። ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ አለንጋ፣ በድንጋይ ላይ ማንበርከክ፣ ጆሮ መጎተት የማስተማሪያ መሣሪያ አይደሉም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የትምህርት ቤት ሥርዓት የልጅን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። ይኸ ስምምነት በተባበሩት መንግሥታት የወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው።

"ያለ ዱላ ልጅ አይቀናም" የሚል ወላጅ ይኖራል። ነገር ግን ልጅ የሚያየውን ይማራል። ትልቁ ትንሹን ሲመታ ያየ ልጅ "ጉልበት ያለው ይመታል" የሚለውን ትምህርት ይወስዳል። ከእሱ ያነሰ ሲያገኝ ይመታል። ዱላ የሚበዛበት ትምህርት ቤት ጉልበተኛ ያበዛል እንጂ አይቀንስም።

ቤርገን የሚባል ከተማ የተሠራ ሥራ

ትምህርት ቤት ከፈለገ ጥቃትን ሊቀንስ ይችላል? አዎን ይችላል። በኖርዌይ አገር ታይቷል። ኖርዌይ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ ብርዳም አገር ናት።

በ1982 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በሰሜን ኖርዌይ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆነ ሦስት ወንዶች ልጆች የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። ለዚህ ያበቃቸው የእኩዮቻቸው ጥቃት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የአገሩ ሕዝብ ደነገጠ። በ1983 እ.ኤ.አ. የትምህርት ሚኒስቴሩ በመላ አገሪቱ በጥቃት ላይ ዘመቻ ጀመረ። ዳን ኦልዌየስ የተባሉ ምሁር በቤርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች የሚገኙ 2,500 ያህል ተማሪዎችን እየተከታተሉ አጠኑ። ጥቃቱ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ምን ተደረገ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አልነበረም። ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ የደረሰባቸውን እንዲናገሩ ተደረገ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ግቢ ውስጥ እየተዘዋወሩ ጠበቁ። በየክፍሉ ጥቃትን የሚከለክል ደንብ ወጣ። ተማሪዎችም ስለ ደንቡ ተሰብስበው ተወያዩ። ጥቃት በታየ ጊዜ ከአጥቂው፣ ከተጠቂውና ከሁለቱም ወላጆች ጋር ወዲያው ንግግር ተደረገ። ዋናው ነገር ትልልቅ ሰዎች "አይተናል፤ አንፈቅድም" ማለታቸው ነበር።

ከትምህርት ቤታችን ምን እንጠይቅ?

በእኛም ገጠር የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል። ከትምህርት ቤቱ እንጠይቅ።

1. በእረፍት ሰዓት ተረኛ መምህር ግቢ ውስጥ ይዙር። ጥቃት የሚደረገው ትልቅ ሰው በሌለበት ነው። ከክፍል ጀርባ፣ መጸዳጃ ቤት አጠገብ፣ ውሃ መቅጃው ላይ ነው። ተረኛው እዚያ ይታይ።

2. የስም ጥሪ ጠዋት ይደረግ፤ የቀረ ልጅ በዚያው ቀን ይጠየቅ። ስም ጥሪ የእረኛ ቆጠራ ማለት ነው። አንዲት ልጅ ከቤት ወጥታ ክፍል ካልደረሰች በዚያው ቀን ለወላጅ መልእክት ይላክ። በሳምንቱ መጠየቅ ምን ይረባል?

3. የሴትና የወንድ መጸዳጃ ቤት ይለይ። የሴቶቹ በርና መቀርቀሪያ ይኑረው። በር በሌለው መጸዳጃ ቤት ሴት ልጅ ስትሳቀቅ ትውላለች።

4. ልጆች ችግራቸውን የሚነግሩት አንድ የታወቀ መምህር ይመደብ። ብትገኝ ሴት መምህርትም ትመደብ።

5. ደንቡ ተጽፎ በየክፍሉ ይለጠፍ። ለወላጆችም በስብሰባ ይነበብ።

6. የደረሰ ጥቃት ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እርምጃ ተወሰደ የሚለው ይስፈር።

አጥቂውን ልጅ ምን እናድርገው? አባርሩት፣ ግረፉት የሚል ይበዛል። ይኸ አይበጅም። ያጠፋው ልጅም ልጅ ነው። በቤቱ የሚገረፍ፣ የሚራብ ወይም አሳዳጊ ያጣ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ይነገረው። የቀማውን ይመልስ፣ የቀደደውን ይተካ፣ ይቅርታ ይጠይቅ። ወላጁ ይጠራ። ከዚያ በኋላም መምህሩ ለብዙ ሳምንት ይከታተለው። ወንጀል ቢሠራ እንኳ ሕጉ ልጅን እንደ ትልቅ ሰው አያይም። ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ደግሞ ፍርድ ቤት በተለየ መንገድ ያየዋል።

ወላጅ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ልጅህን አነጋግረው። "ዛሬ ምን ተማርክ?" ብለህ ስትጠይቅ "ከማን ጋር ተጫወትክ? መንገድ ላይ ማን አገኘህ?" የሚለውን ጨምር። ልጁ ሲነግርህ አትቆጣ። "አንተስ ወንድ አይደለህም እንዴ፣ ለምን አትመታውም?" አትበለው። እንዲህ ካልከው ሁለተኛ አይነግርህም። ብትመታው ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጠቃ ማለት ነው።

ምልክቶቹን እናንተ እናቶች ቶሎ ታያላችሁ። ልጅ ጠዋት ጠዋት አመመኝ ካለ፣ ደብተሩ ደጋግሞ ከጠፋ፣ በተለመደው መንገድ መሄድ ከፈራ፣ ሌሊት ከባነነ፣ ትምህርት ከጠላ አንድ ነገር አለ። ጠይቁ።

ቀጥሎ ወደ አጥቂው ቤት ዱላ ይዛችሁ አትሂዱ። ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ። በቃል ብቻ አትናገሩ፤ ጻፉ። የቃል አቤቱታ ነፋስ ይወስደዋል። የተጻፈ ግን ይቆያል። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ጭምር ነው። ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ቀን ________
ለ ________ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
ጉዳዩ፦ ልጄ ከጥቃት እንዲጠበቅልኝ ስለመጠየቅ
ልጄ ________ በትምህርት ቤታችሁ የ____ ክፍል ተማሪ ነው። ከ________ ቀን ጀምሮ ____ ጊዜ ተጠቅቷል። የተጠቃው ________ በተባለ ቦታ ነው። የደረሰበት ጉዳት ________ ነው። ትምህርት ቤቱ ጉዳዩን አጣርቶ ልጄን እንዲጠብቅልኝና የተደረገውን በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ እጠይቃለሁ።
የወላጅ ስምና ፊርማ ________

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ለርዕሰ መምህሩ ስጡ። በሁለተኛው ላይ "ተቀብያለሁ" ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ያንን ቤታችሁ አስቀምጡት። ርዕሰ መምህሩ "አላወቅሁም፣ አልሰማሁም" እንዳይል ማስረጃው በእጃችሁ ነው ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ ዝም ካለ ወደ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውሰዱት። እዚያም ካልሆነ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ያቺን የተፈረመባትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ቆስሎ ከታከመ የሕክምና ወረቀቱንም አብራችሁ ያዙ።

በሽምግልና የማያልቅ ነገር

ሽምግልና መልካም ባህላችን ነው። የልጆችን ጠብ፣ የቤተሰብን ቂም ያበርዳል። ነገር ግን አስገድዶ መድፈርና ጠለፋ ለሽማግሌ የሚተው ነገር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ወጥቶ በነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ያ ሕግ ተሽሯል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ጠላፊው ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም። የጋብቻ ዕድሜም 18 ዓመት ነው። ተማሪ ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳርም በወንጀል ያስጠይቃል።

ልጅ ከተደፈረ ሦስት ነገር ይደረግ። ልጁ ወይም ልጅቱ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰዱ። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት ከ3 ቀን በፊት መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። ገላ አይታጠብ፣ የለበሱት ልብስም ሳይታጠብ ይቀመጥ፤ ማስረጃ ነውና። ለፖሊስም ወዲያው ይነገር። "ስማችን ይጠፋል" ብሎ መደበቅ ወንጀለኛውን ማበርታት ነው። ስሙ ሊጠፋ የሚገባው አጥፊው ነው።

የእኛስ ድርሻ?

ትምህርት ቤቱን ብቻ ጠይቀን አንቀመጥ። መንገዱ በእኛ ማሳ ያልፋል። ወንዙ የእኛ ወንዝ ነው። የግቢው አጥር ቢፈርስ እሾህ ቆርጦ ማጠር ለገበሬ ከባድ ሥራ አይደለም። ለመጸዳጃ ቤት በር ጣውላ ማዋጣት ይቻላል። የአንድ ሰፈር ልጆች በቡድን ሆነው ቢሄዱ፣ ከትልልቆቹ አንዱ ትንንሾቹን ቢጠብቅ ጉልበተኛ ይፈራል። በእርሻ ላይ ያለ ገበሬም የሌላ ሰው ልጅ ሲመታ ቢያይ ሞፈሩን ለቆ "ተው!" ይበል። "የእኔ ልጅ አይደለም" አይባልም። ነግ በኔ ነው።

ልጁ ተምሮ ለራሱም ለአገሩም እንዲበጅ የሚፈልግ ወላጅ መጀመሪያ ልጁ ሳይፈራ መማሩን ያረጋግጥ። የፈራ ልጅ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ፣ ልቡ ግን በሩ ላይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ እጃችንን አውጥተን እንጠይቅ፦ በእረፍት ሰዓት ልጆቻችንን የሚጠብቀው ማን ነው?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጠብና ጥቃት በምን ይለያያሉ?
2. በእኛ ትምህርት ቤት ልጆች ይበልጥ የሚጠቁት የት ቦታ ነው? በመንገድ ላይስ?
3. ልጅ በትምህርት ቤት ሳለ ሌላውን ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው?
4. ማመልከቻ በሁለት ቅጂ መጻፍ ምን ይጠቅማል?
5. ከዚህ ወር ጀምሮ በኅብረት ልንሠራው የምንችለው አንድ ሥራ ምንድን ነው?